በኮምፒውተር ጨዋታ ውስጥ የጠፋ ንብረት፤ አቤቱታው ለማን ነው?



በዚህ እትም የምናነሣው ጉዳይ ለብዙዎቻችሁ እንግዳ፣ ምናልባትም የሚያስቅ ሊመስል ይችላል። እኛንም መጀመሪያ አስቆን ነበር። ነገሩ ግን ቤተሰብን የሚነካ ሆኖ ስላገኘነው ታሪኩን ከሥሩ ተከታትለን ለማቅረብ ወደናል። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እዚህ በእስራኤል በምንጠቀምበት አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው። የምንተርክላችሁ ቤተሰብም ፈቅዶልን ሲሆን፣ ማንነቱ እንዳይታወቅ አንዳንድ ነገር ለውጠናል።

አንድ ቀን እዚህ አሽዶድ ወደሚገኘው ቢሯችን አንዲት እናት የ13 ዓመት ልጃቸውን ይዘው መጡ። ወደ አገር ከገቡ ሦስት ዓመት አልሞላቸውም። ልጁ ሁለት ቀን ትምህርት ቤት አልሄደም፤ እህልም በወጉ አልቀመሰም። ምን እንዳገኘው ስንጠይቃቸው፣ «ሰይፍ ጠፋብኝ ይለኛል። እኛ ቤት ሰይፍ ኖሮ አያውቅም። ልጄን ምን ነካብኝ?» አሉን።

ልጁን ጠየቅነው። ሰይፉ ያለው በሚጫወተው የኢንተርኔት ጨዋታ ውስጥ ነው። አጎቱ ለበዓል የሰጡትን ገንዘብና ከኪሱ የቆጠበውን ጨምሮ በአንድ ዓመት ውስጥ 400 ሼቅል ያህል በስጦታ ካርድ አውጥቶበታል። አንድ ቀን ጧት ጨዋታውን ሲከፍት ሰይፉ የለም። በዕብራይስጥ ሺሩት ላኮሖት ለምንለው ለጨዋታው ኩባንያ የደንበኞች አገልግሎት አራት ጊዜ ጻፈ። አራት ጊዜም ስለ ጻፈላቸው አመስግነው፣ በውላቸው መሠረት የጠፋ ዕቃ እንደማይመልሱ የሚገልጽ አንድ ዓይነት መልስ በእንግሊዝኛ ደረሰው። ልጁን ያስለቀሰው የሰይፉ መጥፋት ብቻ አልነበረም። «የጻፍኩትን ማንም ሰው አላነበበውም» አለን።

ይህ ልጅ የቤቱ አስተርጓሚ ነው። ከባንክ፣ ከኩፓት ሆሊምና ከቢቱዋሕ ሌኡሚ የሚመጣውን ደብዳቤ ለእናቱ የሚያነብላቸው እርሱ ነው። ለቤተሰቡ ሁሉ አፍ የሆነ ልጅ፣ ለራሱ ጉዳይ ሲሆን አፍ የሚሆንለት ሰው አጣ። እኛም በመርከዝ ክሊታ አድገን ለወላጆቻችን ስናስተረጉም የኖርን ልጆች ስለነበርን ስሜቱን እናውቀዋለን። ስለሆነም ሳቃችንን ትተን፣ እንዲህ ያለ ነገር ሲጠፋ አቤት የሚባለው ለማን ነው ብለን መጠየቅ ጀመርን።

አባቶቻችን የጠፋ ነገር ሲፈልጉ

በአገር ቤት ንብረት የጠፋበት ሰው ወዴት እንደሚጮኽ ያውቅ ነበር። «በሕግ አምላክ» ሲሉት እንኳን ሰው ወራጅ ውኃ ይቆማል ይባላል። ሌባው ያልታወቀ እንደሆነ ደግሞ አውጫጭኝ ይጠራል፤ አፈርሳታ የሚሉትም አሉ። የአካባቢው ሰው በአንድ ሜዳ ይሰበሰባል፤ ያየና የሰማ እስኪናገር ድረስም ወደ ቤቱ አይሰናበትም። በዳዩ ካልተገኘ ነዋሪው አዋጥቶ ለባለንብረቱ የሚክስበት ሁኔታ ነበር። ገበሬውን ከእርሻው የሚያስተጓጉል አስቸጋሪ ልማድ እንደነበር አይካድም። ይሁን እንጂ አንድ ቁም ነገር ነበረው፤ የአንድ ሰው ላም መጥፋት የሁሉም ጉዳይ ነው፣ ፍለጋውም በአደባባይ ነው።

በሌላ በኩል ሌባ ሻይ የሚባል ልማድ ነበር። አንድን ልጅ መድኃኒት አጠጥተው ራሱን ሳያውቅ ይለቁታል። ልጁ ሄዶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ነው ይባልና እንዲከፍል ይገደዳል። ለምን ቢባል የሚሰጥ ምክንያት አልነበረም። ይህ ልማድ በኋላ ዘመን ተከልክሎ ቀርቷል።

አንባብያን እነዚህን ሁለት ልማዶች በልቡናችሁ እንድትይዙልን እንጠይቃለን። አንደኛው በሰው ፊት ይጠይቃል፤ ሁለተኛው ምክንያት ሳይሰጥ ይፈርዳል። የኢንተርኔት ጨዋታ ታሪክም በእነዚህ በሁለቱ መካከል ሲመላለስ የኖረ ነው።

ጨዋታ ንብረት የሆነበት ዘመን

ብዙ ሰዎች በአንድ ጊዜ ገብተው የሚጫወቱባቸው የኮምፒውተር ዓለማት ከተጀመሩባቸው ቦታዎች አንዱ በእንግሊዝ አገር የሚገኘው የኤሴክስ ዩኒቨርሲቲ ነው። በ1978 ሮይ ትሩብሾና ሪቻርድ ባርትል የተባሉ ተማሪዎች ሥዕል የሌለው፣ ሁሉ ነገር በጽሑፍ የሚነገርበት ጨዋታ ሠሩ። በዚያን ጊዜ አንድ ነገር ቢጠፋ የጨዋታውን ሠሪ በአካል ፈልጎ መጠየቅ የሚከብድ አልነበረም።

በ1997 በአሜሪካ አልቲማ ኦንላይን የተባለው ጨዋታ ወጣ። በዚህ ጨዋታ ውስጥ ችግር የገጠመው ሰው ጥሪ ያደርጋል። የኩባንያው ሠራተኛም ልዩ ካባ የለበሰ ሰው መስሎ በዚያው በጨዋታው ውስጥ ይመጣና ያነጋግረዋል። በሌላ አነጋገር አቤቱታ ሰሚው ራሱ ይመጣ ነበር። ከዚያ በኋላ ተጫዋቹ በሚሊዮን ሲቆጠር፣ በባለ ካባው ቦታ የሚሞላ ቅጽና በራሱ የሚመልስ ማሽን ተተካ።

በ1999 ኤቨርኩዌስት የተባለው ጨዋታ ሲወጣ ተጫዋቾች በውስጡ ያገኙትን ሰይፍና ጋሻ ኢቤይ በተባለው የኢንተርኔት ገበያ በእውነተኛ ዶላር መሸጥ ጀመሩ። በ2001 በካሊፎርኒያ ያስተምር የነበረው የኢኮኖሚ ምሁር ኤድዋርድ ካስትሮኖቫ ይህን ገበያ አጥንቶ፣ አንድ ተጫዋች በሰዓት 3.42 ዶላር የሚያወጣ ነገር እንደሚያፈራ አሰላ። በዚያ በሌለ አገር የነፍስ ወከፍ ምርትም በሩሲያና በቡልጋሪያ መካከል እንደሚውል ጻፈ። ብዙዎች ቀልድ መስሏቸው ነበር፤ ስሌቱ ግን ከእውነተኛ ሽያጭ የተወሰደ ነበር።

ኩባንያዎቹ በበኩላቸው፣ ዕቃው የእኛ ነው፣ ተጫዋቹ የመጠቀም ፈቃድ ብቻ ነው ያለው ይሉ ነበር። ኢቤይም በ2007 መጀመሪያ ላይ እንዲህ ያሉ ዕቃዎችን ከገበያው አስወጣ። የነገሩ ቋጠሮ እዚህ ላይ ነው። ገንዘቡንና ጊዜውን የሚያወጣው ተጫዋቹ ነው፤ ዕቃው ግን የኩባንያው ነው ይባላል። ውሉን የጻፈው ኩባንያው ነው፤ ጠብ ሲነሣ የሚፈርደውም እርሱ ነው። አበው «እህል ቢያንቅ በውኃ ይዋጣል፤ ውኃ ቢያንቅ በምን ይዋጣል?» ያሉት ለእንዲህ ያለው ነው።

ዳኛ ፊት የቀረቡ ጉዳዮች

ይህን ቋጠሮ መፍታት የጀመሩት ከኩባንያዎቹ ውጭ ያሉ ዳኞች ናቸው። በ2003 በቻይና አንድ የ24 ዓመት ወጣት ሁለት ዓመትና 10,000 ዩዋን ያህል ያወጣበት ንብረት «ቀይ ጨረቃ» ከተባለው ጨዋታ ውስጥ ተሰረቀበት። ማን እንደወሰደበት ኩባንያውን ቢጠይቅ የሌላ ተጫዋች ምስጢር አንሰጥም አሉት። ወደ ፖሊስ ቢሄድም አልረዱትም። በመጨረሻ ከሰሰ። ኩባንያው እነዚህ ነገሮች በእውነተኛው ዓለም ዋጋ የሌላቸው የኮምፒውተር መረጃዎች ናቸው ብሎ ተከራከረ። በቤጂንግ የቻውያንግ ወረዳ ፍርድ ቤት ግን በዲሴምበር 2003 ኩባንያው ንብረቱን እንዲመልስለት ፈረደ። ቻይና በኋላ ባወጣችውና ከ2021 መጀመሪያ ጀምሮ በሚሠራው የፍትሐ ብሔር ሕጓም እንዲህ ያለውን ንብረት በስም ጠቅሳለች።

አቤቱታ ሰሚ ሲታጣ ምን እንደሚከተል ደግሞ በሻንግሃይ ታይቷል። አንድ ሰው በጨዋታ ውስጥ ያገኘውን ሰይፍ ለወዳጁ አዋሰው። ወዳጁ በ7,200 ዩዋን ሸጠው። ባለ ሰይፉ ለፖሊስ ሲያመለክት፣ ይህ ሕግ የሚያውቀው ንብረት አይደለም ተባለ። ከዚያም ወዳጁን በስለት ወግቶ ገደለው። ይህን የምንጽፈው ለማስፈራራት አይደለም። «ጨዋታ ነው» ብሎ ማባረር ቂምን እንደማያጠፋ ለማሳየት ነው።

በአሜሪካ በፔንሲልቫኒያ አንድ ጠበቃ ሰከንድ ላይፍ በተባለው የኮምፒውተር ዓለም ውስጥ መሬት ገዝቶ ነበር። ኩባንያው ግዢው ሥርዓት የጣሰ ነው ብሎ አካውንቱን ዘጋበት። በውሉ መሠረት መከራከር የሚችለው ሩቅ በሆነችው በሳን ፍራንሲስኮ፣ ከፍተኛ ወጪ በሚጠይቅ ግልግል ብቻ ነበር። ዳኛው ኤድዋርዶ ሮብሬኖ በሜይ 2007 ይህ የውል አንቀጽ ለአንድ ወገን ብቻ ያደላ ስለሆነ አይጸናም አሉ። ነገሩም በዚያው ዓመት በስምምነት አለቀ።

ከሁሉ ይልቅ ለወላጆች የሚነገረው የኔዘርላንድ ጉዳይ ነው። በ2007 በሌዋርደን ከተማ ሁለት ልጆች አንድ የ13 ዓመት ልጅን ደብድበውና በቢላዋ አስፈራርተው፣ ሩንስኬፕ በተባለው ጨዋታ ውስጥ ያለውን ክታብና ጭንብል አስረከቡት። ጠበቃቸው የሚጨበጥ ነገር ስላልተወሰደ ስርቆት የለም ብሎ ተከራከረ። ነገሩ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ደረሰ። ፍርድ ቤቱም በጃኑዋሪ 31 ቀን 2012 ስርቆት ነው አለ። ልጁ ጊዜውንና ድካሙን አውጥቶበታል፤ ዕቃውም በእርሱ እጅ ብቻ ነበር፤ ሲወሰድ እርሱ አጣው፣ እነርሱ አገኙት። የዚያው አገር ፍርድ ቤት በ1921 ኤሌክትሪክም የማይጨበጥ ሆኖ ሳለ ሊሰረቅ ይችላል ብሎ ነበር።

ይህ ሐሳብ ለእኛም እንግዳ አይደለም። በ1960 የወጣው የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ ሰው ገርቶ የሚጠቀምባቸውን እንደ ኤሌክትሪክ ያሉ ዋጋ ያላቸው ኃይሎች ከሚጨበጡ ዕቃዎች ጋር ይቆጥራቸዋል። ስለዚህ «በእጅ አይያዝም» ማለት «ንብረት አይደለም» ማለት አይደለም።

የልጆች ገንዘብ

ስልክ በየልጁ እጅ ሲገባ ጉዳዩ ወደ ወላጆች ኪስ ተሻገረ። ልጆች ወላጅ ሳያውቅ በአንድ ንክኪ ይገዙ ጀመር። የአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን በዚህ ምክንያት በ2014 አፕል ቢያንስ 32.5 ሚሊዮን ዶላር፣ ጉግል ደግሞ ቢያንስ 19 ሚሊዮን ዶላር ለደንበኞች እንዲመልሱ አስማማ። በዲሴምበር 2022 ደግሞ የፎርትናይት ባለቤት ኤፒክ ጌምስ 245 ሚሊዮን ዶላር ለመመለስ ተስማማ። ኮሚሽኑ ካቀረባቸው ክሶች አንዱ፣ ያልፈቀዱትን ክፍያ በባንክ ካርዳቸው በኩል የተቃወሙ ደንበኞች አካውንታቸው ተቆልፎ የገዙትን ሁሉ ያጡ ነበር የሚል ነው። ይህ ሌባ ሻይን የሚያስታውስ ነው፤ አቤት ያለው ራሱ ተቀጣ።

ከ2025 መጀመሪያ ጀምሮ በካሊፎርኒያ የሚሠራ ሕግም አለ። እንዲህ ያለ ዕቃ የሚሸጥ ነጋዴ፣ ገዢው የሚያገኘው ባለቤትነትን ሳይሆን የመጠቀም ፈቃድን ብቻ ከሆነ ይህንኑ በግልጽ መናገር አለበት። ሕጉ ዕቃውን የልጁ አያደርገውም፤ ውሸቱን ግን ይቀንሳል።

እኛስ በእስራኤል?

በዚህ አገር አቤቱታ ሰሚ አለ። በ1962 የወጣው የሕጋዊ ችሎታና የሞግዚትነት ሕግ፣ ከ18 ዓመት በታች የሆነ ልጅ የሚገባው ውል የወላጅ ፈቃድ እንደሚያስፈልገው ይደነግጋል፤ በዚያ ዕድሜ ያሉ ልጆች በተለምዶ የሚፈጽሙት ትንንሽ ግዢ ግን በአብዛኛው ይጸናል። በ1976 ተቪኦት ክታኖት የሚባለው የትንንሽ ክሶች ፍርድ ቤት ተቋቋመ፤ ሰው ያለ ጠበቃ የሚከስበት ቦታ ነው። በ1981 የሸማቾች ጥበቃ ሕግ ወጣ። ከዚህ ሕግ ውስጥ አዲስ ገቢ ሁሉ ማወቅ ያለበት አንድ አንቀጽ አለ። ተኡዳት ኦሌ ካገኘ አምስት ዓመት ያልሞላው ሰው፣ ከሻጩ ጋር በስልክ ወይም በጽሑፍ ተነጋግሮ ከሩቅ የገዛውን ነገር በአራት ወር ውስጥ መሰረዝ ይችላል። ለሌላው ሰው የተሰጠው 14 ቀን ነው። ይህ መብት በኮምፒውተር የሚተላለፍ መረጃን ስለማይጨምር ለጨዋታ ዕቃ ላይሠራ ይችላል። በስልክ ደውለው ለሚሸጡልን ጥቅልና ዕቃ ግን ጥሩ ጋሻ ነው።

በ2018 በወጣ ማሻሻያ ደግሞ የስልክ፣ የኢንተርኔትና የኤሌክትሪክ አገልግሎት የሚሰጡትን የመሰሉ ድርጅቶች በተወሰኑ ጉዳዮች በ6 ደቂቃ ውስጥ ሰው እንዲያነጋግረን ይገደዳሉ። የጨዋታ ኩባንያዎች በዚህ ውስጥ የሉም። ሆኖም በዚያው ዓመት በሜይ ወር የእስራኤል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፌስቡክን በሚመለከት ጉዳይ አንድ ትልቅ ውሳኔ ሰጠ። እስራኤላዊ ተጠቃሚ መክሰስ የሚችለው በካሊፎርኒያ ብቻ ነው የሚለው የውል አንቀጽ አይጸናም ተባለ። በየትኛው አገር ሕግ ይዳኝ የሚለው አንቀጽ ግን አልተነካም። በአጭሩ፣ ኩባንያው ባሕር ማዶ ስለሆነ ብቻ በሩ ተዘግቷል ማለት አይደለም።

የልጁ ነገር እንዴት አለቀ?

ወደ ቢሯችን እንመለስ። ብዙ አባቶቻችን በአሽዶድ ወደብና በመጋዘኖቹ ሠርተዋል። አንድ ሣጥን ቢጠፋ በመጀመሪያ የሚጠየቀው ወረቀቱ መሆኑን ያውቃሉ። እኛም ከወረቀቱ ጀመርን። የስጦታ ካርዶቹን ደረሰኞች፣ ሰይፉ የሚታይበትን የስልክ ፎቶ፣ ለመጨረሻ ጊዜ የታየበትን ቀንና አራቱን መልሶች ሰበሰብን። አምስተኛውን ደብዳቤ በልጁ ስም ሳይሆን በእናቲቱ ስም ጻፍነው። «ሰይፉን መልሱ» ሳይሆን «ሰይፉ በየትኛው ቀንና ሰዓት፣ በምን መንገድ ወጣ?» ብለን ጠየቅን። ሰው አንብቦ በስሙ እንዲመልስልንም ለመንን።

ከሦስት ሳምንት በኋላ በሰው ስም የተፈረመ መልስ መጣ። ዕቃው አልጠፋም፤ በዚህ ቀን ከጧቱ 10፡20 ላይ ለሌላ ተጫዋች ተላልፏል፤ የተጫዋቹን ስም መስጠት አንችልም ይላል። ልጁ ይህን ሲያነብ ፊቱ ተለወጠ። በዚያ ሰዓት በትምህርት ቤት እረፍት ላይ ነበር፤ ስልኩም በጓደኛው እጅ ነበር። የምስጢር ቃሉን ከሳምንታት በፊት ራሱ ነግሮታል።

ጓደኛው ከሩሲያኛ ተናጋሪ ቤተሰብ ነው። እናቲቱ ፖሊስም ትምህርት ቤትም አልሄዱም፤ ቡና አፍልተው የልጁን አያት ጠሩ። እኛም ተገኘን። አያቲቱ የሚናገሩት ሩሲያኛ፣ እናቲቱ የሚናገሩት አማርኛ ነው። ስለዚህ ሁለቱ ልጆች በዕብራይስጥ ያስተረጉሙ ነበር። ጓደኛው እናቲቱ የተናገሩትን ክስ ለገዛ አያቱ እያስተረጎመ ሳለ አንዲት ቃል ላይ ሲደርስ ቆመ፤ መቀጠልም አቃተው። ቃሉ «ሰረቀ» የሚለው ነበር። የቀረውን ራሱ ተናዘዘ።

ሰይፉ አልተመለሰም፤ ጓደኛው ለሌላ ሰው ለውጦት ነበር። ከኪስ ገንዘቡ በየወሩ እየቀነሰ 200 ሼቅል እንዲከፍል ተስማሙ። በማግሥቱ ልጁ ወደ ትምህርት ቤት ሄደ።

ወላጆች ሆይ፣ ከዚህ ሁሉ ታሪክ የምንወስደው ይህንን ነው። አንደኛ፣ ልጃችሁ የጠፋበትን ነገር ባታውቁትም አትሳቁበት፤ ምን እንደሆነ፣ ስንት እንዳወጣበት ጠይቁት። ሁለተኛ፣ በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳልና ደረሰኝና ፎቶ አስቀምጡ። የምስጢር ቃል ለጓደኛ እንደማይሰጥም ንገሩት። ሦስተኛ፣ ደብዳቤው በእናንተ ስም ይጻፍ፤ ልጁ ያስተርጉም፣ ባለጉዳዩ ግን እናንተ ሁኑ። አራተኛ፣ የመጀመሪያው መልስ ማሽን የሰጠው ሊሆን ስለሚችል በእርሱ ተስፋ አትቁረጡ። ኩባንያው ራሱ ሻጭም ዳኛም ከሆነባችሁ ከእርሱ ውጭ ያለ ጠያቂ ፈልጉ፤ የሸማቾች ጥበቃና ፍትሐዊ ንግድ ባለሥልጣን አለ፣ የትንንሽ ክሶች ፍርድ ቤት አለ፣ እኛም አለን።

እናቲቱ ሲሰናበቱን፣ «ስለ ሰይፉ እስካሁን አልገባኝም። ልጄ ግን ሌሊት ለምን እንደማይተኛ ገባኝ» አሉን። የደብዳቤውን ግልባጭም አጣጥፈው ከተኡዳት ኦሌያቸው ጋር በአንድ ፖስታ አስቀመጡት።

በሚቀጥለው እትም በሰላም ያገናኘን።